ልዩ ክፍል ይግባ ወይስ ያለበት ትምህርት ቤት ይቆይ? ሐዋሳ ያላችሁ ወላጆች ምከሩኝ

ልብስ ሰፊዋ (አቶቴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አቶቴ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ክረምት ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ በቀረው ጊዜ መጋረጃና የሐበሻ ቀሚስ። ባለቤቴ የሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እኔ፣ አማቴና ሁለቱ ልጆች ነን። የምጽፈው ስለ ታናሹ ነው።

ስምንት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት አዲስ አበባ አስመርምረነው ተነግሮናል። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ቁጥር ላይ ግን የሚደርስበት የለም። የስፌት ሜትሬን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩን፣ ወንበሩን፣ የአያቱን ክንድ፣ የተኛችውን ድመት ሳይቀር ይለካል። ለክቶም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። አይሳሳትም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ እዚሁ ሰፈር ያለ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተቀበለው። ስናስመዘግበው ምንም አልደበቅኩም፤ የሐኪሙን ወረቀት ጭምር ሰጥቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ደህና አለፈ። ችግሩ ያለው የጠዋቱ ሰልፍ ላይ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ድምፅ ማጉያው ሲያንባርቅ ጆሮውን ይዞ ወደ በሩ ይሮጣል። አንድ ቀን ሊያስቆመው የሞከረውን ዘበኛ ነከሰው። ከዚያ ወዲህ ርዕሰ መምህሩ ጠርተውኝ «ሌሎች ወላጆች ቅሬታ እያቀረቡ ነው፤ ወይ በራስሽ ወጪ ረዳት ቅጠሪለት፣ ወይ እንደ እርሱ ያሉ ልጆች ወዳሉበት ውሰጂው» አሉኝ። የተነገረኝ በቃል ነው፤ ወረቀት የለም። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ እስኪጀመር እንዳስብበት ጊዜ ሰጥተውኛል። የሚያስቀውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ የዚያን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋው እኔ ነኝ።

እንደ እርሱ ያሉ ልጆች አሉ ወደተባለበትም ሄጄ አየሁ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መምህርቷን ወደድኳት፤ ትዕግሥተኛ ናት፣ ልጆቹም ይወዷታል። ነገር ግን ብቻዋን ናት። እግሩ ከወንበር ወርዶ መሬት የማይነካ ሕፃንና ጢም ያወጣ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጨሌ በክር ይሰካሉ። ልጄ እዚያ ቢገባ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ከዚያስ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩ። የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሌላም ነገር አለ። አማቴ የአለታ ወንዶ ሰው ናቸው፤ ልጁን የሚያናግሩት በሲዳሙ አፎ ነው። አንድ ባለሙያ «ሁለት ቋንቋ ግራ ያጋባዋል፤ በአንድ ብቻ አናግሩት» ካለን ወዲህ ልጁን እንዳይጎዱት ፈርተው ዝም ብለው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ከዘበኛው ጉዳይ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ፤ የምዝገባው ቀን ግን እየደረሰ ነው።

ብየዳ ቤት (ታቦር)፦

አይዞሽ እህቴ። የእኔ ልጅ ዳውን ሲንድረም ያለባት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ስለ ትምህርት ቤቱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስልሽ፤ እኔ ስለ ጤናው ልበል።

ልጅሽ በድንገት መንከስ ከጀመረ ጥርሱንና ጆሮውን አሳይው። አሞኛል ማለት የማይችል ልጅ ሕመሙን የሚናገረው በጥርሱና በእጁ ነው። የመስማት ምርመራም አድርጎ ካላወቀ ይደረግለት። ድምፅ ይረብሸዋልና ይሰማል ብለሽ አትለፊው፤ አንዱን ድምፅ የማይችል ልጅ ሌላውን ላይሰማ ይችላል። የእኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ስትደርስ መተኛት አበዛች፣ ደብተር መንካት ተወች። መምህራኑ «ሰንፋለች» አሉ፤ ዘመድ ደግሞ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። ደሟ ሲመረመር የእንቅርት እጢዋ በቂ ንጥረ ነገር እንደማያመነጭ ታወቀ። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ላይ ይህ በብዛት እንደሚታይ፣ በየጊዜው መመርመር እንዳለበትም የሰማነው ያን ጊዜ ነው። አሁን በየጠዋቱ አንዲት ክኒን ትወስዳለች፤ ስንፍናውም ዓይነ ጥላውም አብረው ጠፉ።

ወደ በር የሚሮጥ ልጅ ነው ያልሽው ደግሞ አስፈርቶኛል፤ ምክንያቱም ከተማችን ሐይቅ አላት። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከቤት ሲወጡ ብዙዎቹ ወደ ውሃ ነው የሚሄዱት፤ በእንዲህ ዓይነት መጥፋት ከሚያጋጥሙ አደጋዎችም ዋናው መስጠም ነው። ስለዚህ ከሰፈርሽ ወደ ፍቅር ሐይቅና ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ላይ ላሉት የባጃጅ ሹፌሮችና የሱቅ ሰዎች ልጁን አስተዋውቂ። ፎቶውን በስልካቸው ይያዙት። አንቺማ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ ስልክ ቁጥርሽን በሸሚዙ አንገት ውስጥ በክር ጥለፊበት። ቢጠፋብሽ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ውሃው ሩጪ፤ ዘመድ ቤት የሚያስሰውን ሌላ ሰው ይሥራው።

እኔም ወላጅ ነኝ፦

ብዙ ሰው የማይወደውን ልናገር ነው። የእኔ ልጅ አንደኛ ክፍል ናት። በክፍሏ ስልሳ ልጆች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ እንደ ልጅሽ ያለ ነው። መምህሯ ግማሹን ክፍለ ጊዜ እርሱን ስትከተል ታሳልፋለች። ልጄ እስካሁን ፊደል አልጨረሰችም። ለእርሱ አዝናለሁ፤ የእኔም ልጅ ግን ልጅ ናት። ለእነርሱ የተዘጋጀ ክፍል ካለ እዚያ ቢማሩ ግፉ ምኑ ላይ ነው? ዘበኛ የነከሰ ልጅ ነገ የእኔን ልጅ ላለመንከሱ ማን ዋስ ይሆነኛል?

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ሐዋሳ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ሦስተኛ ክፍል፣ በኋላ ልዩ ክፍል። ያየሽውን ዓይነት ክፍል ከውስጥ አውቀዋለሁ። ጨሌውንም አውቀዋለሁ። ጨሌ መሰካት ጣት ያፍታታል፤ ዓመቱን ሙሉ ጨሌ ብቻ የሚሰካ ልጅ ካለ ግን በዚያ ክፍል ዕቅድ የለም ማለት ነው።

በቅድሚያ «እኔም ወላጅ ነኝ» ላሉት። የጠየቁት ነውር አይደለም። ስልሳ ሕፃን ለአንድ መምህር መስጠት መምህሩንም ልጆቹንም መበደል ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ቢወጣ ሃምሳ ዘጠኝ ይቀራሉ፤ የእርስዎ ልጅ በአንድ ተማሪ መጉደል ፊደል አትጨርስም። ቅሬታዎን ከዚያ ልጅ እናት ጋር አብራችሁ አቅርቡት፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል «ለዚህ ክፍል ረዳት ይመደብ» በሉ። ረዳት ሲገባ የሚጠቀመው አንዱ ልጅ ብቻ አይሆንም።

አሁን ወደ ንክሻው። በማስተምርበት ጊዜ ልጅ ሲያስቸግር ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ ሦስት ነገር እጽፍ ነበር፤ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበረ፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። የልጅሽን ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል። በፊት፦ ድምፅ ማጉያ፣ ሰልፍ፣ የሚይዘው እጅ። አደረገ፦ ነከሰ። አገኘ፦ እጁ ለቀቀው፣ ከጩኸቱም ራቀ። እንግዲህ ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ንክሻው ሠርቶለታል። የሚሠራ ነገር ደግሞ ይደገማል። ስለዚህ ሌላ የሚሠራ ነገር መስጠት ነው። ሰልፉ ካለቀ በኋላ ይግባ፤ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ የገባ ልጅ አገሩን ይጠላል የሚል ሰው ካለ እኔ ጋር ይምጣ። ወይም ሰልፉ ሲካሄድ ከድምፅ ማጉያው በራቀው ጥግ፣ መቆሚያው ሁልጊዜ ያው ሆኖ ከአንድ መምህር ጋር ይቁም። «ልውጣ» የሚል ሥዕል ያለበት ካርድ ኪሱ ውስጥ ይኑር፤ ካርዱን ሲያሳይም ወዲያው ይፈቀድለት። ወዲያው ነው ያልኩት። ካርዱ አንድ ቀን ካልሠራ በማግስቱ ወደ ጥርሱ ይመለሳል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ የቀኑን ውሎ በሥዕል አድርገሽ በአንድ ካርቶን ላይ በተርታ ለጥፊለት፤ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ ዕረፍት፣ ምሳ ዕቃ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ያንን ይገለብጠዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ይረጋጋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጥናቱም ይደግፈዋል። ልጅሽ ሜትር ማንበብ ከቻለ የሒሳብ መምህሩ ዕድለኛ ነው። መቀነስንና መደመርን በሜትር ያስተምረው፤ ጥቁር ሰሌዳውንም ይለካለት።

ልዩ ክፍል ወይስ መደበኛ? አንድ መልስ ስጥ ካልሽኝ፣ ግማሽ ዓመት በደህና የተማረን ልጅ በአሥር ደቂቃ ሰልፍ ምክንያት ከክፍል አላስወጣም። ትምህርት ቤቱ አሻፈረኝ ካለ ግን ያቺን የወደድሻትን መምህርት ናቂያት አልልሽም። አንድ ነገር ጠይቂያት፤ «ልጄ በዚህ ግቢ መደበኛ ሁለተኛ ክፍል ቢመዘገብና በቀን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ አንቺ ቢመጣ ትረጂዋለሽ?» በያት። ልዩ ክፍል ሲታሰብ እንዲህ ነበር መሆን የሚገባው፤ ልጆቹ የሚገቡበትም የሚወጡበትም ቤት። የትምህርት ሚኒስቴር የአካቶ ትምህርት (ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብሮ የማስተማር) ዕቅድም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ ማዕከል ሆነው በአካባቢያቸው ያሉትን ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲያግዙ ይላል። ለክፍለ ከተማሽ የትኛው እንደሆነ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ጠይቂ። ባለሙያ ከሌለ «የለም» የሚለውን መልስ ያዢው፤ በኋላ ይጠቅምሻል። ልዩ ክፍሉን እንደገና ስትጎበኚም የክፍሉን ንጽሕና ትተሽ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የወጣ የትምህርት ዕቅድ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ካሳዩሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እናትየውን፣ ማለቴ አማትሽን፣ ዛሬ ማታ «ያውሩት» በያቸው። በተለያዩ አገሮች ኦቲዝም ያለባቸው ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙት ጋር ተነጻጽረው ታይተዋል፤ ሁለተኛው ቋንቋ ይበልጥ ወደ ኋላ ሲያስቀራቸው አልተገኘም። ልጁን የሚጎዳው የአያቱ ዝምታ ነው። ቃል ለሚያጥረው ልጅ በምን ሒሳብ ነው የሚያወራው ሰው የሚቀነስበት?

ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠናም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፤ በአገራችንም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ የሚያስተምረውም ልብስ ሲታጠብ፣ ምግብ ሲበላ፣ ጨዋታ ላይ ልጁን እንዴት እንደምታሳትፊው ነው። የሐኪም ዲግሪ የሌለው የሠለጠነ ሰው ሊያካሂደው ይችላል። በየዓመቱ መጋቢት 24 የኦቲዝም ቀን ሲከበር ሰማያዊ ቲሸርት ከማደል ይልቅ በዚያ ገንዘብ ይህን ሥልጠና ወደ ክፍለ ከተማችን ቢያመጡልን እላለሁ። ቲሸርቱ እኔም ቤት አለ፤ መኪና እወለውልበታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ (አቶቴ)፦

መምህር፣ እድሜ ይስጥዎ። ስለ ሁለቱ ቋንቋ የጻፉልኝን ለአማቴ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ምንም አልመለሱልኝም፤ ተነሥተው ልጁን ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ጀምሮ እያወሩ ነው። ብየዳ ቤት፣ ጥርሱን አሳየሁት፤ አንዱ መንጋጋ ተቦርቡሮ ኖሯል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ግን የምትሉት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመጣል፤ «ጠይቂ፣ ጻፊ»። እንዴት ልጻፍ? የዩኒፎርሙ ሥራ የክረምቱ ዋና ገቢዬ ነው። የቤት ኪራይ የምከፍለው በእርሱ ነው። ዛሬ ደብዳቤ ባስገባ ነገ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ይሰጡታል፤ ይህን የሚከለክል ውል የለኝም። ባለቤቴ ደግሞ በስልክ «ከሰው ጋር አትጣዪ፣ ስመለስ እናወራለን» ይላል። እርሱ ሲመለስ ምዝገባው ያልፋል።

የሕግ ምሩቅ፦

በአጭሩ ልመልስ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኛ ልጆች በጉዳታቸው ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለሉ፣ ለእያንዳንዳቸው እንደ ፍላጎታቸው ምክንያታዊ ማመቻቸት፣ ማለትም ለመማር የሚያስፈልጋቸው ማስተካከያ፣ እንዲደረግ ይላል። የአእምሮና የዕድገት ጉዳትም በስምምነቱ ይሸፈናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 41(5) ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲደግፍ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋን ሐረግ ባለሥልጣኖቻችን በቃላቸው ይዘዋታል፤ የቀረውን የምናስታውሳቸው እኛ ነን።

ክስ አልመክርሽም፤ ፍርድ እስኪሰጥ ልጁ አራተኛ ክፍል ይደርሳል። የግል ትምህርት ቤት የሚፈራው ፈቃድ የሚሰጠውንና የሚያድሰውን የትምህርት አካል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ለትምህርት ቤቱ ይጻፍ፣ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሁን። ጠብ የሌለበት፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ። የሚከተለውን እንደሚሆንሽ አስተካክዪው፦

«ጉዳዩ፦ ልጄ በመደበኛ ክፍል ድጋፍ እየተደረገለት ትምህርቱን እንዲቀጥል ስለመጠየቅ።

ልጄ በትምህርት ቤታችሁ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ኦቲዝም እንዳለበት የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ሲመዘገብ አቅርቤያለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት በራሴ ወጪ ረዳት እንድቀጥር ወይም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዳዛውረው በቃል ተነግሮኛል። ልጄ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በደህና የተማረ በመሆኑ፣ ከጠዋቱ ሰልፍ በኋላ እንዲገባ፣ የዕለቱ መርሐ ግብር በሥዕል ክፍሉ ውስጥ እንዲለጠፍለትና ለመውጣት ሲፈልግ ካርድ እንዲጠቀም እንዲፈቀድለት እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ተቀባይነት የሌለው ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትሰርዢያት። በቃል «ውሰጂው» የሚል ሰው በማህተም «ውሰጂው» ብሎ ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል። ሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ በአንዱ ላይ መቀበላቸውን አስፈርመሽ ቀን አስጽፈሽ ያዢ። ክፍለ ከተማው ዘንድ መዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ ቁጥሩን ጻፊ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ጠፋ ቢሉሽ መከራከሪያ የለሽም። መንግሥት መሥሪያ ቤቱ መልስ ከነፈገሽ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የመብት ጥሰት ነው ካልሽ ደግሞ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ፤ ሁለቱም ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አላቸው፤ አገልግሎታቸው በነፃ ነው።

የዩኒፎርሙ ሥራ ግን በሕግ የማልመልሰው ጥያቄ ነው።

የመንታዎቹ እናት (ሐይቅ ዳር)፦

እርሱን እኔ ልመልስልሽ፣ እህት ዓለም። ብቻሽን አትጻፊ።

መንታ ልጆች አሉኝ፤ አንደኛው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። እኛ ጥቂት እናቶች (ዘንድሮ አንድ አባትም ተጨምሯል) ቅዳሜ ከሰዓት በተራ በየቤታችን እንገናኛለን። ስም የለንም፤ ማህተምም የለንም። ዕድር በለን፣ ይቀናል። አንዳችን ቢሮ መሄድ ሲኖርባት ሌላዋ ልጇን ትጠብቃለች፤ ምክንያቱም ልጁን ይዘሽ ቢሮ ስትገቢ የልጁን ሁኔታ አይተው ያዝኑልሽና ጉዳይሽን ሳይሰሙ ይሸኙሻል። ወረፋ ላይ ስንቆም ሁለት ሆነን ነው፤ አንዷ ትናገራለች፣ አንዷ ትጽፋለች። የምትጽፈዋን ነው የሚፈሩት።

ደብዳቤ ሲጻፍም የሚፈርመው የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ነው። የአንቺ ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስተኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ ከእኛ መካከል አለ፤ መስማት ይቸገራል። የእርሱ አባት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ነው፤ ዩኒፎርም አይሰፋም። «በትምህርት ቤታችሁ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ወላጆች» ብሎ እርሱ ያስገባዋል፤ የልጅሽን ስም ሳይጠራ የሰልፉን፣ የሥዕሉንና የካርዱን ነገር ለሁሉም ይጠይቃል። ካርድና ሥዕል የሚፈልግ ሌላ ልጅም አይጠፋም። አንቺ በዚያ ሰሞን ሄደሽ የዩኒፎርም ልኬትሽን ትወስጃለሽ፤ ፈገግ ብለሽ።

ስለ ረዳቱ፤ ትምህርት ቤቱ እስኪያደርገው ድረስ እኛ የሦስት ልጆች ወላጆች ተጋግዘን አንዲት ወጣት ቀጥረናል። የመምህራን ኮሌጅ ምሩቅ ናት፤ ሥራ ስትጠብቅ ነበር። ደመወዟን እንደ ዕቁብ በየወሩ እናዋጣለን። ሦስቱ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት በመሆናቸው ነው የተቻለው፤ ለየብቻ ቢሆን አንዳችንም አንችለውም ነበር። ይህን ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በየስብሰባውም እናገረዋለሁ። ልጄ ግን ስብሰባው እስኪያልቅ አይጠብቀኝም።

አንዳንዱ «እናንተ ማን ናችሁ?» ይለናል። ኒያ ፋውንዴሽንን ያቋቋሙትና በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማዕከል የከፈቱት ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት እንጂ ባለሥልጣን አልነበሩም። ዲቦራ ፋውንዴሽንም ዳውን ሲንድረም ካለባት ልጅ ቤት ነው የተነሣው፤ እርግጥ የእርሷ አባት አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ ያ ይረዳል። እነዚህ ሁሉ አዲስ አበባ መሆናቸው ነው የእኛ ቅሬታ። ከሐዋሳ ልጅ አዝሎ በየወሩ መመላለስ የሚችል ስንት ነው?

ማህበር ሆነን እንመዝገብ የሚለውም እየተነሣ ነው። የድሮው አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ስለነበር ብዙዎች መብት የሚለውን ቃል ትተው ዕርዳታ ብቻ ይሉ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ያንን አንሥቶታል። እኔ ግን ለምዝገባው አልቸኩልም፤ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ መምረጥ ስንጀምር ቡናው ይቀዘቅዛል ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ከመምህራችን ጋር አንስማማም መሰለኝ።

ጡረተኛ መምህር፦

አንስማማም። ማህተም የሌለው ሰው በጀት አይጠይቅም። ቡናው ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።

እኔም ወላጅ ነኝ፦

መምህር፣ ለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። ሁሉንም አልተቀበልኩም፤ ረዳት ይመደብ የሚለውን ግን ለክፍል ተጠሪዋ ነግሬያታለሁ። የዚያን ልጅ እናት እስካሁን አነጋግሬያት አላውቅም ነበር። ነገ በር ላይ አገኛታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ (አቶቴ)፦

የመንታዎቹ እናት፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ታናሹን ይዤ ነው የምመጣው። ደብዳቤውን አስተካክዬ ጽፌዋለሁ፤ አባትየው እንደሚመቻቸው ይቀይሩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በሩ ይቆለፋል? ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ነው።

የመንታዎቹ እናት (ሐይቅ ዳር)፦

ከውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ለዚህ ብለን ነው በሩን ያሠራነው፤ የበየደውም ከላይ የጻፈልሽ ሰው ነው፤ ሒሳቡን እስካሁን አልጠየቀንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ቆሎ ይዘሽ ነይ፤ ያለፈውን ልጆቹ ጨርሰውታል።